ሳላስፈቅድ ያቃጠልኩት ክታብ

በሰው ቤት እየገባችሁ ሽማግሌ የምታጥቡ፣ አሮጊት የምታለብሱ፣ መድኃኒት ቆጥራችሁ የምትሰጡ እህቶቼ፣ ይህን በተለይ ለእናንተ ነው የምጽፈው። ሌላውም ያንብበው፤ ዛሬ የምደብቀው ነገር የለኝም። የደበቅሁት ለሁለት ቀን ብቻ ነበር። የምተርክላችሁም ስለ እነዚያ ሁለት ቀናት ነው።

ያኔ ፍራንክፈርት ከገባሁ አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የምኖረው ሪደርቫልድ የሚባል ሰፈር ነው። የምሠራው ደግሞ በአንድ ፍሌገዲንስት፣ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄደ በሚንከባከብ ድርጅት ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት አምስት ስድስት ቤት አዳርሳለሁ። በሥራዬ ጥንቁቅ ነኝ፤ የሥራ ባልደረቦቼ እስኪስቁብኝ ድረስ። ሰው ቤት ስገባ ቦርሳዬን በሩ ሥር አስቀምጣለሁ። ስወጣ ማንም ሳይጠይቀኝ ኪሴን እደባብሳለሁ፣ እስክሪብቶ እንኳ ተሳስቼ ይዤ እንዳልወጣ። እሑድ ከሰዓት ከኦይሮፓፊርቴል ሰፈር ወዲህ በኪራይ አዳራሽ ከምንሰበሰብ ምእመናን ጋር ጌታን አመልካለሁ። ከእኛ በፊት ጀርመኖች ምንጣፍ አንጥፈው ስፖርት ይሠራሉ፣ ከእኛ በኋላ የልደት ድግስ ይገባል፤ በመሃል ወንበር የምደረድረው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ራሴ ማወቅ አለባችሁ። ልጅ ሳለሁ የሚጥል በሽታ ነበረብኝ። ቤተሰቦቼ ያልወሰዱኝ ቦታ አልነበረም፤ ከየቦታው የተሰጠኝ ሦስት ክታብ በቆዳ ተሰፍቶ አንገቴ ላይ ነበር። ገላዬን ስታጠብ እንኳ አይወልቅም። ትምህርት ቤት ልጆቹ «ባለ ክታቧ» ይሉኝ ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ጌታን ስቀበል መጋቢያችን ክሩን በመቀስ ቆርጠው፣ ጉባኤው እየዘመረ ሦስቱንም አቃጠሏቸው። በሽታው ዳግመኛ አልመጣም። ሐኪሞች «ልጅ ሲያድግ የሚተው ዓይነት አለ» ይላሉ፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ዕድሜዬን የምቆጥረው። ከዚያ ወዲህ ክታብ ካየሁ የማላልፍ ሰው ሆንኩ።

አሁን ወደ ሄር ሳካይ ልምጣ፤ ሄር በጀርመንኛ አቶ ማለት ነው።

ሄር ሳካይ ጃፓናዊ ናቸው፣ ያኔ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው። በወጣትነታቸው ለሥራ መጥተው እዚሁ ቀሩ። ጊንሃይም በሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የከተማው የቴሌቪዥን ማማ በመስኮት ግጥም ብሎ በሚታይበት ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሚስታቸው ካረፉ ስምንት ዓመት ሆኖ ነበር። እግራቸው ደካማ ነው፣ ጭንቅላታቸው ግን ስለት ነበር። እኔን «ፍራው ደምሴ»፣ ወይዘሮ ደምሴ እንደ ማለት፣ ይሉኛል፤ ደምሴ አባቴ ናቸው፣ ጀርመን አገር ግን እኔ ሆኛለሁ።

የእኚህ ሰው ሕይወት ኳስ ነው። የትኛውም ኳስ አይምሰላችሁ። የተወለዱባት ትንሽ የወደብ ከተማ ቡድን አላት፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት፣ ከዚያች ከተማ ውጪ ብዙ ሰው ስሙን የማያውቀው። ልጃቸው ጨዋታውን በኢንተርኔት ቴሌቪዥኑ ላይ ታስመጣላቸዋለች። በጃፓን ከሰዓት በኋላ ሲሆን በእኛ ገና ጠዋት ነውና፣ ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ ብዙ ጊዜ ጨዋታ ላይ አገኛቸዋለሁ። ቡድኑ ሌላ ከተማ ሄዶ ሲጫወት በሌሊት ልብሳቸው ሆነው ነው የሚያዩት። በገዛ ሜዳው ሲጫወት ግን ታጥበው፣ ተላጭተው፣ ሰማያዊውን የደጋፊ ጃኬት ለብሰው ይቀመጣሉ። በየዓመቱም የዚያን ስታዲየም የሁለት ሰው የዓመት መቀመጫ ካርድ ያስገዛሉ። ሁለቱ ወንበሮች እዚያ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ይውላሉ።

«ለምን ታዲያ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ወንበር ያለው ሰው እንግዳ አይደለም» አሉኝ።

በዚያ መጸው ሁለት ጊዜ ወደቁ። ሌሊት ይቃዣሉ፤ ስደርስ አልፎ አልፎ ትራሳቸው ላብ ጠጥቶ አገኘዋለሁ። በዚያው ሰሞን ቡድናቸው ተሳክቶለት ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን ለመግባት አንድ ጨዋታ ቀረው፤ ቅዳሜ፣ በገዛ ሜዳው። ሐሙስ ጠዋት ጃኬታቸው ላይ የሾርባ ጠብታ አየሁና፣ እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሲያንቀላፉ ላጥበው አነሳሁት። ልብስ ከማጠቤ በፊት ኪስ መፈተሽ ልማዴ ነው።

በውስጠኛው ኪስ እጄ አንድ ነገር ነካ። ሐር በመሰለ ሰማያዊ ጨርቅ የተሰፋች፣ ከአውራ ጣቴ እምብዛም የማትበልጥ ከረጢት። በወርቅማ ክር ተጽፎባታል። አፏ በነጭ ጥብጣብ ተቋጥሮ በኪሱ ቁልፍ ላይ ታስሯል።

ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። ቆዳ ይሁን ሐር፣ ክታብ ክታብ ነው። መውደቁ፣ መቃዠቱ፣ ላቡ፣ ሁሉም በአንዴ የተገለጠልኝ መሰለኝ። ቋጠሮውን ፈታሁት፤ የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ጃኬቱን አጥቤ ራዲያተሩ ላይ ሰቀልኩ። በሥራ መዝገቡም ላይ እንደ ወትሮው ሞላሁ፦ ገላ ታጠቡ፣ ቁርስ በሉ፣ መድኃኒት ወሰዱ፣ ልብስ ታጠበ። ስወጣ ኪሴን አልደባበስኩም።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ በረንዳ ላይ በባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ አቃጠልኳት። መጀመሪያ በመቀስ ቀደድኳት። ውስጧ የተጻፈበት ቀጭን የእንጨት ስንጣሪ ነበረ፤ አንድም ፊደል አላውቅም። ገሠጽኩ፣ ጸለይኩ፣ ክብሪት ጫርኩ። የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ አለኝ። የጸሎት ጓደኛዬ እህት ሙሉ ጋ ደወልኩ።

«ሃሌ ሉያ!» አለች ጆሮዬ እስኪደነቁር። «ትርሲትዬ፣ እሑድ ትመሰክሪዋለሽ!»

«ስማቸውን ሳልጠራ።»

«ስማቸውን ብትጠሪውስ ማን ይይዘዋል? ጃፓንኛ አይደል?»

ሳቅን።

ዓርብ ጠዋት በሩን ስከፍት ቤቱ የተዘረፈ ይመስላል። መሳቢያዎቹ ወለሉ ላይ ተገልብጠዋል፣ መጻሕፍቱ ተዘርግፈዋል። ሄር ሳካይ አልጋው ሥር በሆዳቸው ተኝተዋል፤ እነዚያን እግሮች ይዘው እንዴት እንደገቡ እንጃ። ጎትቼ አወጣኋቸው። አቧራ ፀጉራቸው ላይ ነበር።

«ፍራው ደምሴ፣ እንኳን መጡ። ኦማሞሪዬ ጠፋብኝ። ትንሽ ሰማያዊ ከረጢት ናት። ቡድኑ በየዓመቱ መጀመሪያ ከሚጸልይበት መቅደስ ነው የመጣችው። ረቡዕ ማታ ኪሴ ውስጥ በእጄ ነክቻታለሁ።»

ከወለሉ አንድ መሳቢያ አነሣሁ።

«ጃኬቱን ሐሙስ አጥበውታል አይደል? ኪሱ ውስጥ ምንም አላዩም?»

«አላየሁም» አልኩ።

እህቶቼ፣ ይህቺ ቃል ከአፌ ስትወጣ ራሴ ሰማኋት። መልሼ ልይዛት የምችልበት አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ ነበረኝ፤ አሳለፍኩት። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ልጃቸው ናኦሚ ገባች። የምትኖረው ማይንዝ ነው፣ ወደ ሃምሳ የምትጠጋ፣ ኮቷን ሳታወልቅ ሥራ የምትጀምር ሴት።

«አባባ፣ ፍራው ደምሴን አትጨቅጭቃት። እሷ የወደቀ ቁልፍ እንኳ አንስታ ጠረጴዛ ላይ የምታኖር ሰው ናት። ኪሱ ውስጥ ቢኖር ታገኘው ነበር» አለች።

ጥንቃቄዬ በእሳቸው ላይ ማስረጃ ሆነ።

ወጥ ቤት ውስጥ በሩን ገፋ አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ባለፈው የቤቱን ቁልፍ ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘሁት። ሁለቴ ወደቀ። አሁን ደግሞ ይኼ። አንድ ሃይም ውስጥ ቦታ ተገኝቷል፣ እስከ ነገ ቀትር መልስ ይፈልጋሉ። ጭንቅላቱ ደህና እስከሆነ እዚሁ ይኑር ብዬ ነበር የምሟገተው፤ ከእንግዲህ ግን አልችልም። ነገ ከጨዋታው በኋላ አስፈርመዋለሁ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎ በየቀኑ ያዩታል። እየረሳ ነው አይደል?»

ሃይም ማለት የአረጋውያን መኖሪያ ነው። መጥፎ አይደለም፤ አንዳንዱን እኔም አውቀዋለሁ። ግን አንዴ የገባ ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም።

«አንዳንዴ» አልኳት። ሁለተኛዋ ውሸቴ ናት።

ማታ ሙሉ ጋ ደወልኩ፣ ሁሉንም ነገርኳት።

«ጠላት ነው የሚረብሽሽ። ዝም በይ!» አለች።

«ሙሉዬ፣ ሰውየው እኮ ከቤታቸው ሊወጡ ነው። ባልሠሩት።»

«በዕድሜያቸው ነው የሚወጡት፣ በአንቺ አይደለም። ብትናገሪ ምን ይሆናል መሰለሽ? ‹የውጭ አገር ሰው ከበሽተኛ ሰረቀች› ነው የሚሉት። ከሥራ ትባረሪያለሽ። የመኖሪያ ወረቀትሽስ?»

«ሰርቄያለሁ እኮ።»

«እንዴ! ምን ሰረቅሽ? ጋኔን ነው የሰረቅሽው?»

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። «ነፃ አወጣኋቸው ብዬ ነበር፤ ነፃ ያወጣ ሰው እንዴት ይዋሻል?» አልኳት። ሙሉ ለስለስ ብላ፣ «እኔ እንጃ ትርሲትዬ። እጸልይልሻለሁ» አለችና ዘጋች። ተንበርክኬ ልጸልይ ሞከርኩ። ከአሥሩ ትእዛዛት ሁለቱን በሁለት ቀን የሻረ ሰው አፉን ምን ብሎ ይከፍታል?

ቅዳሜ የመጀመሪያውን ባቡር ይዤ ሄድኩ። ተራዬ አልነበረም፤ ናኦሚ ለጨዋታው ያዘጋጁታል ወይ ብላኝ እሺ ብያለሁ። መንገድ ላይ ቃሌን አዘጋጀሁ። ገብቼ፣ ሰላም ብዬ፣ ኮቴን ሳላወልቅ እናገራለሁ አልኩ።

በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። ተላጭተዋል፣ ጃኬታቸውን ለብሰዋል። አፌን ስከፍት ዓይናቸው ሹራቤ ላይ አረፈ።

«ፍራው ደምሴ፣ በጣም ይቅርታ። ብርቱካናማ ነው የለበሱት።»

«አዎ?»

«የተጋጣሚያችን ቀለም ነው። በእኛ አገር በባለሜዳው ደጋፊዎች መሃል የእንግዳውን ቀለም ለብሶ መቀመጥ አይቻልም። አስተናባሪ መጥቶ በትሕትና ይለምንዎታል።»

«አባባ፣ ሳሎን እኮ ነው!» አለች ናኦሚ ከውስጥ እየሳቀች።

«የሜዳችን ጨዋታ ነው» አሉ እሳቸው፣ አልሳቁም። ቁም ሣጥን ከፍተው ሌላ ሰማያዊ ጃኬት አወጡ፤ አነስ ያለ፣ የሴት። «የሚስቴ ነው። ይቀበሉኝ።»

ለበስኩት። ልክ ሆነኝ። ያዘጋጀሁት ቃል ከሹራቤ ጋር ተጠቅልሎ ወንበር ላይ ቀረ።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተጀመረ። ውጭው ገና ጨለማ ነው፣ እዚያ ግን ፀሐይ ሜዳውን አልብሳዋለች። ሄር ሳካይ ሕጉን አስረዱኝ፤ በዓመቱ ውድድር የተሻለ ደረጃ የያዘው ቡድን በሜዳው ይጫወታል፣ አቻ ከወጡ ደግሞ ባለሜዳው ያልፋል። ስለዚህ አለመሸነፍ ይበቃናል። «ይበቃናል» ያሉት እኔንም ጨምረው ነው። የሕዝቡ ጭብጨባ እንደ አንድ ሰው እጅ ነበር። ኳስ ግብ አጠገብ በደረሰ ቁጥር የሄር ሳካይ ቀኝ እጅ ወደ ውስጠኛው ኪስ ይሄዳል፣ ባዶውን ይነካል፣ ወደ ጉልበታቸው ይመለሳል። ስንት ጊዜ እንደሄደ ማየት ስላልቻልኩ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ አልነቀልኩም።

ያለ ግብ እረፍት ወጡ። ናኦሚ ሻይ ቀዳች። ከዚያ ከቦርሳዋ የሃይሙን ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ «አሁን አይደለም አባባ፣ ሲያልቅ። ግን እንዳንረሳው» አለች።

«እኔ አልረሳሁም» አሉ። «ረቡዕ ማታ ነክቻታለሁ።»

«እሺ።»

«እሺ አትበይኝ። ነክቻታለሁ። ጥብጣቧ ተቋጥሮ ነበር።»

«አባባ፣ ፍራው ደምሴ ኪሱን አይታዋለች። ባዶ ነው።»

ሄር ሳካይ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ይጠይቃል እንጂ አይከስስም። እኔ ሻዬን አየሁ። እሳቸው ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው እንደ ሌላ ሰው እጅ ተመለከቱት።

«እንግዲህ… ምናልባት አልነካኋት ይሆናል» አሉ። «ምናልባት የነካሁ መስሎኝ ይሆናል።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ናኦሚ፣ ሌላስ ምን ምን ነው የመሰለኝ?»

እስክሪብቶውን ለማንሳት እጃቸውን ዘረጉ።

«እኔ ነኝ የወሰድኳት» አልኩ።

ናኦሚ አልሰማችም፤ ወይም የሰማችውን አላመነችም። ደግሜ አልኩት። «ኪሱ ውስጥ ነበረች፣ ጥብጣቧም ተቋጥሮ። ሐሙስ ወሰድኳት። አባትዎ አልረሱም። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

«የት አለች?»

«አቃጠልኳት።»

«አቃጠልሽ?» እርስዎነቱ ቀረ፣ ተነሥታ ቆመች። «የእናቴን? በምን መብት? አሁኑኑ አለቃሽ ጋ ነው የምደውለው! ትናንት እዚህ ቤት ሲንበረከክ እያየሽ…»

ትክክል ነበረች። ሄር ሳካይ እጃቸውን አነሡ።

«ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሯል» አሉ። «ተቀመጡ። ሁለታችሁም።»

በሕይወቴ እንደዚያ አርባ አምስት ደቂቃ ረዝሞብኝ አያውቅም። በሟች ሚስታቸው ጃኬት ውስጥ ያልበኝ ጀመር። የእኛ ቡድን አገባ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ፈነዳ፣ ሳሎኑ ውስጥ ግን ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንድ ለአንድ ሆኑ። ይሁን፣ አቻ ይበቃናል። እኔ ኳስ የማላውቀው ሴት፣ ጌታ ሆይ እባክህ ይህቺን ሰዓት አሳልፋት ብዬ ለመንኩ። ደግሞ ፈራሁ፤ ቢሸነፉ ክታቧን ስላቃጠልኩ ነው ይሉ ይሆናል፤ ቢያሸንፉ እኔ ልክ ነበርኩ ልል ነው። ሁለቱም አስፈሩኝ።

በባከነው ሰዓት ከማዕዘን የተሻማ ኳስ ብርቱካናማ የለበሰ ተጫዋች በግንባሩ መትቶ አገባ። አለቀ።

ሰማያዊ የለበሱት ተጫዋቾች ሜዳው ላይ ወደቁ። ከዚያ ተነሥተው ተሰለፉና በደጋፊዎቻቸው ፊት ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ሕዝቡ አልሰደባቸውም፤ አጨበጨበ። ሄር ሳካይ የወንበራቸውን እጀታ ተደግፈው ቆሙ፣ ለቴሌቪዥኑ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ሲቀመጡ ፊታቸው በእንባ ረጥቧል። ግን ይስቁ ነበር።

«አልረሳሁም» አሉ። «ናኦሚ፣ ሰማሽ? አልረሳሁም!»

ናኦሚ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ለምን?» አሉ። በአንድ ቃል።

በሰባራ ጀርመንኛዬ ስለ አንገቴ ነገርኳቸው፤ ስለ ሦስቱ ክታቦች፣ ስለ መቀሱ፣ ስለ እሳቱ። እሳቸው ያዳምጣሉ።

«የእርስዎን ያቃጠሉት ቄስ፣ አስቀድመው ጠይቀውዎት ነበር?»

ይህን ሃያ ስንት ዓመት አላሰብኩትም። መጋቢው መቀሱን ይዘው ‹ልጄ፣ ፈቃድሽ ነው?› ብለውኝ ነበር። አዎ ስል እንደገና ጠየቁኝ። ሦስት ጊዜ።

«ጠይቀውኛል» አልኩ።

ሄር ሳካይ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛም እናቃጥላቸዋለን። ያውቃሉ? ኦማሞሪ የአንድ ዓመት ነው። ዓመቱ ሲያልፍ ወደ መጣበት መቅደስ ይመለስና ይቃጠላል። የዚህችኛዋ ጊዜ ካለፈ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ሚስቴ ናት የሰጠችኝ፣ መጨረሻ አብረን ስታዲየም የገባን ቀን። መልሳት፣ መልሳት ይለኛል ልቤ፤ አልቻልኩም።» «ሲያቃጥሏት ምን አሉ?»

«ገሠጽኳት።»

«ተቆጧት?»

«አዎ።»

«እኛ እናመሰግናለን። ላደረገችልን። ከዚያ ነው እሳቱ።»

ናኦሚ እንኳ ዞራ አየችኝ። ምን እንደሚጠበቅብኝ ገባኝ፤ ቀላሉም እሱ ነበር፣ አንድ ቃል ብሎ መገላገል። ግን ሁለት ቀን ከዋሸሁ በኋላ ሦስተኛ ልዋሽላቸው አልፈለግሁም።

«ሄር ሳካይ፣ እሷን ማመስገን አልችልም። እምነቴ አይፈቅድልኝም። ሚስትዎን ግን… ስለ ጃኬቱ አመሰግናቸዋለሁ። እሳቸውንም እርስዎንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ይበቃል» አሉ።

ናኦሚ ወረቀቱን ሳታጣጥፈው ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። በዚያ ቀትር ለሃይሙ ደውላ ቦታው ለሌላ ሰው ይሁን አለች። ለድርጅቴም ደወለች፤ እደውላለሁ ያለችውን አላስቀረችም፣ አልቀየማትም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ከሄር ሳካይ ቤትም ተነሣሁ። ከሥራ ያልተባረርኩት እሳቸው በእጃቸው ደብዳቤ ጽፈው ስለላኩ ነው ብላ አለቃዬ ነገረችኝ። ምን እንዳሉ አላሳየችኝም።

እሑድ አዳራሹ ውስጥ ምስክርነት ነበረኝ። ሙሉ ከፊት ወንበር ላይ ሆና ታየኛለች። ድል ሊሰሙ ተዘጋጅተው ነበር፤ እኔ ግን ከላይ እስከ ታች የሆነውን ነገርኳቸው። ሃሌ ሉያ ያለ ሰው አልነበረም። አንድ አባት ብቻ ከኋላ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ» አሉ። ስወርድ ሙሉ እጄን ያዘችኝ፤ እሷም አልቅሳለች።

ምን ተለወጠ? እምነቴ አልተለወጠም፤ በክታብ አላምንም፣ ቤቴም አይገባም። የተለወጠው እጄ ነው። ሰውን ነፃ ማውጣት የሚገባው ሰውየው ራሱ አዎ ሲል እንደሆነ፣ ሳልጠይቅ ባደረግሁት ቸርነት ውስጥ ንቀት ተሸሽጎ እንደነበር አወቅሁ። እናንተም ብዙ ቁልፍ ተሰጥቷችኋል። ያልገባችሁን ነገር ካያችሁ፣ ጠይቁ። የገባችሁ የመሰላችሁን ደግሞ ይበልጥ ጠይቁ።

አሁን ቅዳሜ፣ ቡድናቸው በሜዳው ሲጫወት፣ እንደ እንግዳ እሄዳለሁ። የጋበዙኝ እሳቸው ናቸው። ደወል እደውላለሁ እንጂ ቁልፍ የለኝም።

ባለፈው ዓመት ግን ሄር ሳካይ በእውነት መርሳት ጀመሩ። ትንሽ ትንሹን። ናኦሚ ቤታቸው ሰው ቀጥራ አብሯቸው እንዲያድር አደረገች። እና አንድ ቀን ደወለችልኝ። «አባቴ ቅዳሜ ፍራው ደምሴ መጥታ ነበር ይላል። እውነት ነው?» አለችኝ። እውነት ነው አልኳት። በሌላ ቀን ደግሞ ስለ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ፤ እውነት አይደለም አልኳት። እንዲህ እንዲህ እያለ ልማድ ሆነ። ከሰው ሁሉ መርጣ ለምን እኔን እንደምትጠይቅ አልጠየቅኋትም፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ባለፈው ሳምንት ስልኩ ሲጮህ ሥራ ላይ ነበርኩ።

«ስለዚያ ጨዋታ እያወራ ነው» አለች ናኦሚ፤ ድምጿ ደክሟል። «አሸንፈን አለፍን ይላል። ደስ ብሎታል። ምን ልበለው?»

መልሱ ከበደኝ። የሽማግሌ ደስታ ነው፣ ማንንም አይጎዳም። ስልኩን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«ተሸነፍን በያቸው» አልኳት በመጨረሻ። «ግን ጨዋታው ሲያልቅ ቆመው ለተጫዋቾቹ እጅ ነሥተዋል በያቸው።»

በጃፓንኛ ስትነግራቸው ሰማሁ። አዝነው ይሆን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ከስልኩ ርቆ፣ ቀጭን ግን ጥርት ያለ፣ የእሳቸው ድምፅ በጀርመንኛ መጣ፤ እኔ እንድሰማ ነው።

«ልክ ናት። ከማዕዘን ምት ነበር። በግንባር።»